ሦስተኛው ሰው ስማችንን ካወቀ በኋላ

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የሆነው። ንግግሩ መቼ ያልቃል እያልኩ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት ስመለከት ስለነበር አልሳሳትም። የምኩራቡ አዳራሽ ጢም ብሏል። ማኅበራችን ለድሆች መስጠት የጀመረበት ሠላሳኛ ዓመት ነው ተብሎ ሁላችንም ምሳ ተጋብዘናል። ሊቀመንበሩ፣ እኔና እህቴ በጓዳ «ጋሼ ማይክራፎን» የምንላቸው የሴራሚክ ነጋዴ፣ ድንገት ወደ እኛ ጠረጴዛ ዞሩ።

«እስቲ ፋርማሲስቷ ልጃችን፣ ብድግ በይ» አሉ።

ብድግ አልኩ። የምሠራበት ፋርማሲ ባለፈው ወር መድኃኒት ስላዋጣ ሊያመሰግኑን መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነው የተነሳሁት። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው።

«ይቺ ልጅ አባቷ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የበላችው የእናንተን ነው። የለበሰችው የእናንተን ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባችው በእናንተ ነው። የምንሰጠው የት ይገባል ለምትሉ፣ ይኸው ቆሞላችኋል።»

ተጨበጨበ። ፊት ረድፍ ላይ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። እናቴን አየኋት። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። አልደነገጠችም። ያኔ ገባኝ። እሷ ታውቅ ነበር።

«እናቴ በመርፌ አሳደገችኝ» እያልኩ ነው ሃያ አምስት ዓመት የሞላኝ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጓደኛው ቤት ይህን ብያለሁ፤ ለምረቃዬ ንግግር ሳደርግ እንኳ። አዳራሹ ውስጥ ስንቱ ሰው በሆዱ ስቆብኝ ይሆን? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሥራ ላይ። አራት ሰው «ኮራንብሽ» አለኝ። በምኔ?

አላፈርኩም። ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እማዬን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ስምንት ዓመትሽ ነበር።»

«ሃያ ዓመት ሲሞላኝስ?»

«ሃያ ዓመት ሲሞላሽማ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ትሄጂ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ሳይሽ።»

ከዚያ ወዲያ ቀስ በቀስ ነገረችኝ። በሕጋችን ለድሃ የሚሆነውን ሁለት ሰዎች ሆነው ይሰበስባሉ፣ ሦስት ሆነው ያከፋፍላሉ። ሦስት የሆነበት ምክንያት ለማን ምን ይድረስ የሚለው ፍርድ ስለሆነ ነው፤ ለፍርድ ደግሞ ሦስት ዳኛ ያስፈልጋል። ሦስቱ የተቀባዮቹን ስም በልባቸው ይይዛሉ፤ በወረቀት አይሰፍርም። በእኛ ምኩራብ ሦስቱ ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪ፣ ዳቦ ቤት ያላቸው ሴትዮ (እትዬ ዳቦ እንላቸዋለን) እና አንድ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ ዘይትና እህል የያዘ ካርቶን ደጃችን አስቀምጠው፣ ሁለቴ አንኳኩተው ይሄዳሉ። እማዬ ለእኛ «የደንበኛ ዕቃ ነው» ትለን ነበር። እኛም እናምናለን። ከሱቅ ያልገዛነውን ዘይት የደንበኛ ዕቃ ነው ብዬ ስበላ የኖርኩ ጅል ነኝ።

ሰዓት ሠሪው ዐምና ሞቱ። ሦስት መሙላት ግድ ነውና ሊቀመንበሩ በቦታቸው ገቡ። ገቡና ስማችንን አወቁ። ካወቁ ዓመት አልሞላቸውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የሊቀመንበሩ ጸሐፊ ፋርማሲው ድረስ መጣ። አዲሱ አዳራሽ ኅዳር 22 ይመረቃል። መግቢያው ላይ የእኔ ፎቶ በትልቁ ይሰቀላል፤ እኔ ደግሞ አምስት ደቂቃ እናገራለሁ።

«ምን ልናገር?»

«የሚሰማሽን ነዋ።»

«የሚሰማኝን ከተናገርኩ አዳራሹ ሳይመረቅ ይዘጋል።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል። «አልናገርም» አልኩት። እየወጣ ሳለ ግን ዞር ብሎ «የእህትሽ ማመልከቻም እኮ በዚሁ ወር ነው የሚታየው» አለኝ።

የእህቴን ማመልከቻ ማንም አልነገረኝም። የምህንድስና ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ መመዝገቢያው ኅዳር 20 ያበቃል። የእኔ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከእማዬ የእጅ ሕክምና አያልፍም። እማዬና እህቴ ሳይነግሩኝ ለሦስቱ አመልክተዋል።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ትናንት ሰንበት ነበር፣ አይጻፍም። ሐሳብ ግን ማን ይከለክላል? ምኩራብ አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ደግሞም አሞኝ ነበር፤ ውሸት አይደለም።

እህቴ ስትመለስ የሰማችውን አመጣችልኝ። የምኩራቡ ደረጃ ላይ አንዷ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» ስትል፣ ሌላዋ «ምን ታድርግ፣ ፋርማሲስት ሆነቻ» አለች።

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ምንም። እኔ ገና አልተማርኩም፤ የምኮራበት የለኝም።»

ጩጬ ምላሷ ሾሏል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በጥድፊያ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ የልብ መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ገንዘብ ጎደላቸው። ሰልፉ እስከ በር ነው። «ተዉት አባባ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አልኳቸው። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ጆሯቸው ይከብዳል መሰለኝ። የሐኪሙን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ትተውልኝ ወጡ። መድኃኒቱንም አልወሰዱም።

ሰው ሲረዱት ምን ያኮራዋል? ባልደረባዬ አየችኝና ወደ መደርደሪያው ዞረች።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ረቢውን አነጋገርኳቸው። ቢሮአቸው ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ላይ የነበረውን የመጻሕፍት ቁልል ራሴ አነሳሁና ተቀመጥኩ።

ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። በዕብራይስጥ ጸዳቃ የምንለው ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነው፣ ያለው ሰው ለሌለው የሚያደርሰው ድርሻ ነው፣ ደስ ስላለው የሚሰጠው ደስ ሳይለው ሲቀር የሚከለክለው ነገር አይደለም አልኳቸው። ሰጪና ተቀባይ ባይተዋወቁ ይመረጣል፤ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር ደም እንደ ማፍሰስ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ራስዎ ነዎት አልኳቸው፣ በሰንበት ትምህርት፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ እያለ።

«አንድም አልተሳሳትሽም» አሉኝ።

«እንግዲያው ለሊቀመንበሩ ይንገሯቸው።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ ግን መልሰው አላደረጉትም። «ልጄ፣ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። የአዲሱ አዳራሽ ጣሪያ ግን ከእሳቸው ጋር ነው።»

«ታዲያ በጣሪያ ነው የምንጸልየው?»

«በዝናብ ጊዜ፣ አዎ» አሉ። ሊያስቁኝ ነው። አልሳቅሁም። ሲሸኙኝ እስከ በሩ ብቻ መጡ፤ ድሮ እስከ መንገድ ነበር የሚሸኙኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ቤት ውስጥ ጠብ። እህቴ የተቀባይነት ደብዳቤዋን ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው።

«አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ቆመሽ ‹አመሰግናለሁ› ብትይ ምን ትሆኛለሽ?»

«መናገሩ አይደለም ችግሩ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? አንቺ ተምረሽ ጨርሰሻል። የአንቺ ኩራት የሚከፈለው በእኔ ትምህርት ነው?»

«በቃ» አለች እማዬ።

አልበቃኝም። «ልመና ከለመድሽ ሌላም አዳራሽ አለልሽ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ምን እንዳልኩ ሰማሁት። እህቴ ደብዳቤዋን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። እማዬ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች፤ ግን አልሰፋችም፤ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ልመና ያልኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ እንኳ ያን ቃል አልተናገሩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

አሥር ቀን አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሰንበት ከመግባቱ በፊት ነው የምጽፈው፤ ትንሽ ጊዜ አለኝ። እማዬ ሻማ ከማብራቷ በፊት እንደ ወትሮው የቆርቆሮዋ ሣጥን ውስጥ ሳንቲም ጣለች። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነገር ነው፤ ዛሬ ግን ደሜ ፈላ።

«እየተቀበልን ለማን ነው የምትሰጪው?»

«ለድሃ ነዋ።»

«እኛው አይደለን እንዴ ድሃዎቹ?»

«ተቀባይም ይሰጣል። ከመስጠት ነጻ የሚሆን ሰው የለም፣ በሰው እጅ የሚኖርም ቢሆን። ይህን አላስተማሩሽም?» ከዚያ ክብሪቱን እንደያዘች፣ «አንቺ ያወቅሽው የተቀበልኩትን ብቻ ነው። የሰጠሁትን ማን ይንገርሽ» አለች።

ምን ሰጠሽ ብዬ ያዝኳት። መናገር አልፈለገችም። አፋጠጥኋት። በመጨረሻ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና ከታች አንድ ካፖርት አወጣች፤ ገና ግማሹ ተፈቷል።

ለካ ሰዎች ለማኅበሩ የሚሰጡት ልብስ ሁሉ ቀድሞ እኛ ቤት ይመጣል። እማዬ የካፖርቱን ቁልፎች ትቀይራለች፣ ኮሌታውን ትፈታና ሌላ ቅርጽ ታወጣለታለች፣ ኪሱን ታዛውራለች፣ ገበሩን በሌላ ቀለም ትተካለች። የሰጠችው ሴት መንገድ ላይ ብታየው የራሷ እንደነበር እንዳታውቀው፣ የለበሰችውም «የእኔን ካፖርት የለበሰችው ናት» ተብላ እንዳትታይ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ስትሠራ ኖራለች። ለዚህ ሥራዋ ምንም አልተቀበለችም።

«የእኔ ሰማያዊውስ? የዩኒቨርሲቲው?»

«እሱማ ብዙ አስቸግሮኛል» አለች። «የሊቀመንበሩ የሴት ልጃቸው ነበር። ከአንቺ ጋር አንድ ክፍል አልነበረችም?»

አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣለች። አንድ ቀን «ካፖርትሽ ያምራል፣ የት ገዛሽው?» ብላኛለች።

ሻማው በራ። ማቆም አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እኚያ ሽማግሌ በፋርማሲው ፊት አለፉ። እኔን ሲያዩ ወደ ማዶው ተሻገሩ። ወረቀታቸው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያለ መድኃኒቱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው ማለት ነው። ቆጥሬዋለሁ።

የጎደለኝ ማይክራፎኑ ብቻ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ወረቀቱ ላይ ስልክ ነበር። ደወልኩ። የመድኃኒቱ ዋጋ በዚህ ሳምንት ወርዷል፣ የእርስዎንም ለብቻ አስቀምጬዋለሁ አልኳቸው። መጡ። ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የቀጠርኳቸው።

«እውነት ወርዷል?»

«ወርዷል።»

ብዙ አዩኝ። ዐይኔን አልሰበርኩም። የያዙትን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ከረጢቱን ኮታቸው ውስጥ ሸጎጡ። አላመሰገኑኝም። ለምን ያመሰግኑኛል፣ ገዝተው ነው የሄዱት።

ባልደረባዬ «ዋጋው መቼ ወረደ?» አለችኝ። የጎደለውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ካዝናው ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ መቀስ ስፈልግ የተተየበ ወረቀት አገኘሁ። የንግግር ጽሑፍ ነው። «እኔ ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ ከትቢያ የወደቅሁ መበለት ነበርኩ…» ይላል። የሊቀመንበሩ ጸሐፊ ነው የጻፈላት። «መበለት» የሚለው ላይ በእርሳስ አስምራለች፤ ሁልጊዜ የምትደናቀፍበት ቃል ይሆናል።

እኔ እንቢ ስላልኩ እሷ ልትናገር ነው። የተለማመደችው እኛ ሳንኖር ነው።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይከብድሻል» አለችኝ። «እኔ የሰው ፊት ለምጃለሁ።»

የተቀባዮችን ፊት ማንም እንዳያውቅ ያደረገች ሴት። ይህን ለማን ልበል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሊቀመንበሩ ሱቅ ሄድኩ። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሴራሚክ፣ መካከሉ ላይ እሳቸው ከካልኩሌተር ጋር ሲታገሉ። ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም።

«እናቴ አትናገርም። የእኔም ፎቶ አይሰቀልም።»

አልተቆጡም። ይህን አልጠበቅሁም። ካልኩሌተሩን ገፋ አደረጉት።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት በሹክሹክታ ሰጠን። ሰጪው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። አንቺ የቆምሽ ቀን ስንት አዲስ ሰው እንደተመዘገበ ታውቂያለሽ? አርባ አንድ። በእነዚያ ሰዎች ዛሬ ዘጠኝ ቤት ይበላል። ያንቺ ፊት አንድ ደቂቃ ቀላ። ዘጠኝ ቤት። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መዝኚው።»

መዘንኩት። እውነቴን ነው፣ እዚያው ቆሜ መዘንኩት። ዘጠኝ ቤት ብዙ ነው። እኔ ማን ነኝና?

እሳቸውም መመዘኔን አይተው ለሰለሱ። «እኔም ከዚያው ነኝ» አሉ። «አባቴ ቀን ሠራተኛ ነበር። ጀርባው ተሰብሮ ሦስት ዓመት ተኝቷል። ሦስት ዓመት የሰው እጅ አይተን ነው የኖርነው። አፍሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው የአባትዎን ፎቶ ይስቀሉ» አልኩ።

«ምን?»

«መግቢያው ላይ። በትልቁ። ‹ይህ ሰው የበላው የእናንተን ነው› ብለው ይጻፉበት። እርስዎም አምስት ደቂቃ ይናገሩ። ሃምሳ ሰው ይመዘገባል።»

ፊታቸው ተለወጠ። አንድ የሴራሚክ ናሙና አንስተው መልሰው አስቀመጡ፤ ጠርዙ ጠረጴዛውን ጫረው።

«አባቴን አትንኪ» አሉ። ድምፃቸው ከማይክራፎን ውጭ ይህን ያህል ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር።

«እናቴንም አይንኩ» አልኩና ወጣሁ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

መልእክት መጣ። የእህቴ ጉዳይ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል»።

እህቴ አላለቀሰችም። የእኔን ሳህን ሳይቀር አጥባ ወደ አልጋዋ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 15

መምህሩ ቤት ሄድኩ። ካርቶን ተሸክመው ሲሄዱ እንጂ ቁጭ ብለው አይቻቸው አላውቅም። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት «ይቅርታ አድርጊልኝ» ነው። ሦስተኛው ቦታ ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ «ሰው እስኪገኝ ሁለት ሆነን እናከፋፍል» ሲሏቸው፣ ሕግ መጣስ ነው ብለው እንቢ ያሉት እሳቸው ነበሩ። ሕጉን ሊጠብቁ ሊቀመንበሩን አስገቡ፤ ሊቀመንበሩ ሕጉ የቆመለትን ነገር አፈረሱት።

«ስም እንዲያውቁ ሳደርግ ምስጢር መያዝን አብሬ የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር» አሉ።

«‹በሚቀጥለው ዓመት ይታያል› ያሉት ሦስታችሁ ናችሁ?»

«ማን? አልተሰበሰብንም እኮ።»

«እንግዲያው ፍርድ አይደለም።»

መምህሩ ቀና አሉ። ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሦስት ሁለት ስንት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ኮታቸውን ለበሱና እትዬ ዳቦ ጋ አብረን ሄድን። እትዬ ዳቦ ሊጥ እያቦኩ ነበር፤ ነገሩን ሰምተው እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም።

«እኔን ማን ጠየቀኝ? ነገ ይሰብሰቡን» አሉ። «ጣሪያ ጣሪያ ይሉኛል። ሰው ከሥር ከሌለ ጣሪያ ለምን ይሆናል፣ ለርግብ?»

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሁለት ለአንድ። የእህቴ ማመልከቻ አለፈ። ክፍያው ከመምህሩ እጅ ወደ ኮሌጁ በቀጥታ ሄደ፤ እህቴ በእጇ ምንም አልተቀበለችም፣ ከፋዩም ማን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ የለም።

ሊቀመንበሩ ከሦስቱ ወጡ። የጣሪያውንም ገንዘብ ይዘው ወጡ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

እህቴ ተመዘገበች። ስትመለስ «ያልሽኝን አልረሳሁም» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የትምህርት ፕሮግራሟን አሳየችኝ። ለጊዜው እርቃችን ይኸው ነው።

ምኩራብ ደጅ ላይ «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» ሲባል ሰማሁ። ሆን ብለው ጮክ ያሉት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ምረቃው የለም። አዲሱ አዳራሽ ጣሪያው ላይ ሸራ ተወጥሮበት ቆሟል፤ ከአዳዲሶቹ ሰጪዎች ደግሞ አሥራ አንዱ ስማቸውን ሰርዘዋል ይባላል። ከዘጠኙ ቤት የትኞቹ እንደሚቀሩ አላውቅም። እንዳላውቅም ነው ሕጉ። ግን እያሰብኩ ነው የዋልኩት፤ መዋጮዬን ለሰብሳቢዎቹ ጨምሬ ሰጠሁ፤ እንደማይሞላውም አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ረቢው ቤታችን መጡ። እማዬ ወንበሩን ጠረገችላቸው። ጉዳያቸው አጭር ነው፦ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ «ስለ አባትዎ የተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ» ብል፣ ጣሪያው ይመለሳል፣ ሰዎቹም ይመለሳሉ።

«ስለ አባታቸው እሄዳለሁ» አልኩ። «ያን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ለብቻቸው፣ በሩን ዘግቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሳቸውም እናቴን ሁለት መቶ ሰው ፊት ይጠይቋት።»

«እሱ ከባድ ነው።»

«አዎ፣ ከባድ ነው።»

ረቢው ወደ እናቴ ዞሩ። እማዬ እጆቿን እያሻሸች ነበር፤ ዝናብ ሲሆን ጣቶቿ ያሟታል። «እባክሽ ልጄ» አለችኝ። «ያበሉን ሰዎች ናቸው። ዕዳ አለብን።»

እናቴን እወዳታለሁ። እሷ የሠራችውን የሚያህል በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሠራ ሰው የለም። ለዚህም ነው መልሴን ለእሷ የሰጠሁት፣ ለረቢው ሳይሆን። አሁን እዚህ የምጽፈው ኋላ ደክሞኝ እንዳልክደው ነው።

መቀበልን አልጠላም። ነገም ቢቸግረን እንቀበላለን፣ ሲኖረን እንሰጣለን፣ ሁለቱም ግዴታ ነው። ለሰላም ሲባል የተበደለው ይቅርታ እንዲጠይቅ ግን ካሁን በኋላ አልቀበልም። የሰው ቤት እንዲበላ የሌላ ሰው ፊት እንዲቀላ፣ ዘጠኝም ቢሆን ዘጠናም ቢሆን፣ አልቀበልም፤ ባንኮኒዬ ላይ እኔው ሳደርገውም ጨምሮ። የሰጡን የሚገባንን ነው። ዕዳ አለባችሁ የሚለኝን ሰው ከዛሬ ጀምሮ አልሰማውም፣ እናቴም ብትሆን።